የጅቡ አጥር

ያምሮት ጅቡን የፈጠረችው በግንቦት ማለቂያ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከአያ እጅጉ ደጃፍ ላይ ቆማ ነው። አስባበት አልነበረም፤ ከአፏ አመለጣት። እሷ ወደ ቤቷ እስክትመለስ ድረስ ግን ጅቡ አድጎ፣ ጎርምሶ፣ መንደሩን አዳርሶ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ያምሮት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄዱ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ባለች መንደር የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ዘሩ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ አንዲት ልጇ ሜላት ፍኖተ ሰላም ታስተምራለች። መሬቷን የሚያርሱላት ጎረቤቷ አያ እጅጉ ናቸው። ዘሩ በተቀበረ ሰሞን ማንም ሳይጠይቃቸው በሬዎቻቸውን ጠምደው ማሳዋ ላይ ወረዱ፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ክረምት አልጎደሉም። የሁለቱ ቤት ግቢ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ በመካከላቸው ያለው አንዲት የእግር መንገድና ማን እንደተከለው የተረሳ የሰንሰል ቁጥቋጦ ብቻ ነው።

ታዲያ አምና ያምሮት አቮካዶ ተከለች። ምክንያት ነበራት። አያ እጅጉ እርፍ ጨብጠው ከማሳው ጫፍ ሲደርሱ ጀርባቸውን ለማቅናት ሲቸገሩ አየች፤ እሳቸውም ድካማቸው እንዳይታወቅ ዝናብ ይመጣ እንደሁ የሚያዩ መስለው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም። ያን ዕለት "እኚህ ሰው እስከ መቼ ያርሱልኛል?" ብላ ራሷን ጠየቀች። አቮካዶ በሬ አይፈልግም። አንዴ ሥር ከሰደደ ሴት ብቻዋን ለቅማ የቡሬ ገበያ ታወጣዋለች። ያምሮት የእርጅናዋን ተስፋ የጣለችው በእነዚያ ችግኞች ላይ ነበር።

ችግኞቹን የበላቻቸው የአያ እጅጉ ፍየል ናት።

ቦራዋን ፍየል መንደሩ በሙሉ ያውቃታል። ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፣ ጢሟ ረዥም ነው፣ አካሄዷም የትልቅ ሰው አካሄድ ነው። ያምሮት ጓሮ ስትገባ አትሮጥም፣ አትደበቅምም። ከአንዱ ችግኝ ጫፍ ቀጠፍ፣ ከሌላው ቀጠፍ ታደርግና ጣዕሙን ከለየች በኋላ ወደ ወደደችው ተመልሳ ትጨርሰዋለች። መስከረም ሲጠባ ከያምሮት አቮካዶ የቀረው መሬት ላይ የተሰካ እንጨት ብቻ ነበር።

ለምን አልነገረቻቸውም የሚል ሰው ቢኖር የዚያ አገር ሰው አይደለም ማለት ነው። በዚያ መንደር "ከብትህ በላብኝ" ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ያ ቃል ከወጣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የተበላው ይገመታል፣ ካሳ ይቆረጣል፤ ባለከብቱም በሰው ፊት አንገቱን ይደፋል። ሳይለመኑ የሚያርሱላትን ሰው፣ ያውም ሚስታቸው እማዋይሽ የሜላት የክርስትና እናት የሆኑትን ሰው፣ ያምሮት በምን አፏ ለሽማግሌ ትስጣቸው? ዝም አለች። ፍየሏን ጓሮዋ ባገኘቻት ቁጥር እንኳ "ተይ እንጂ፣ ሂጅ ወደ ቤትሽ" ብላ በለሆሳስ ነው የምትሸኛት፤ ጮክ ካለች አያ እጅጉ ይሰሙና ያፍራሉ።

ዘንድሮ ግን የግብርና ባለሙያው መልካሙ ሞተር ሳይክሉን ከደጇ አቁሞ ቁርጡን ነገራት።

"እትዬ ያምሮት፣ ችግኝ አለ። አምና የሆነውን ግን አይቻለሁ። አጥር ሳላይ አንድም አልሰጥዎትም። ከዚህ በኋላ ተራው የሌላ ቀበሌ ነው፤ ዘንድሮ ካመለጠዎት አመለጠዎት።"

ያምሮትን ያስጨነቃት እንጨቱ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ በጓሮዋ ሞልቷል። ያስጨነቃት የአጥሩ ትርጉም ነው። ዕድሜ ልኩን ክፍት በኖረ ግቢ መካከል ድንገት አጥር ሲቆም አያ እጅጉ ምን ይላሉ? እማዋይሽ ምን ይላሉ? ቸግሯት ለሜላት ደወለች። ሜላት ከት ብላ ሳቀች።

"እማዬ፣ ሲምፕል ነው እኮ! 'ፍየልዎን ይያዙልኝ' በያቸው፣ አለቀ።"

"አስተምሬ ጨረስኋት ብል ገና ነሽ ለካ" አለችና ያምሮት ስልኩን ዘጋች።

እና ያን ሰኞ ጠዋት ወደ አያ እጅጉ ደጃፍ ስትሄድ ቃሏን በልቧ ሰድራ ነበር። ስለ ችግኞቹ አንስታ፣ ቀስ ብላ ወደ አጥሩ ልትገባ። አያ እጅጉ ከደጃፋቸው ተቀምጠው የሞፈር እንጨት ይጠርባሉ።

"እንዴት አደርሽ ያምሮት? ምነው ፊትሽ ልክ አይደለም?"

"እግዜር ይመስገን አያ፣ አንቱስ እንዴት አደሩ? እኔማ… አጥር… አጥር ላጥር አስቤ ነበር።"

አያ እጅጉ መጥረቢያውን አወረዱት። "አጥር? ምነው፣ ለምኑ?"

ይኼኔ ቦራዋ ፍየል ከበስተኋላቸው ብቅ አለችና ሣር እያመነዠከች ያምሮትን ትክ ብላ አየቻት። ያምሮት ሰድራው የመጣችው ቃል ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

"ለጅብ!" አለች።

"ጅብ?"

"ጅብ። ከሸለቆው እየወጣ በበጎቼ በረት ዙሪያ ሲያንዣብብ… ኮቴውን አየሁት።"

አያ እጅጉ ጥቂት አሰቡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጎረቤት አየሁ ያለውን አላየሁም አይሉም። "ልክ ነሽ" አሉ። "እኔም ውሻዬ ሰሞኑን ያለነገር አልጮኸም ብዬ ነበር። ትልቅ ነው?"

"ትልቅ… ትልቅ ነገር ነው።"

"በይ አታስቢ፣ ደቦ እንጠራለን። አንቺ ጠላሽን ጥመቂ፣ የቀረውን ለእኔ ተይልኝ።" ብድግ ብለው ዱላቸውን አነሱና መንደሩን ሊዞሩ ወጡ። በማግስቱ ያምሮት ውኃ ስትቀዳ ወንዳወቅ የሚባለው የላይኛው ጎረቤቷ የጅቡን ድምፅ ራሱ እንደሰማው ነገራት። አንዲት ሌላ ሴት ደግሞ በአንድ እግሩ እንደሚያነክስ አረጋግጣለች።

አያ እጅጉም የራሳቸው አውሬ እንደነበረባቸው እዚህ ላይ መነገር አለበት። የበርበሬ ችግኝ የሚያፈሉበትን መደብ በየዓመቱ እየጫረ የሚያጠፋባቸው ጅግራ ነው። ራሳቸው ናቸው ለያምሮት የነገሯት፣ "ይህ ጅግራ ፈጀኝ" እያሉ። ያምሮትም አዝናላቸው የእንጨት ማስፈራሪያ ሠራችና የዘሩን አሮጌ ካፖርት አልብሳ መደቡ መካከል አቆመችላቸው። ካፖርቱን ከሳጥን ስታወጣ ሆዷ ባብቶ ነበር፤ ለሌላ ሰው ቢሆን አትሰጠውም። ጅግራው ግን አሁንም እየመጣ ነው አሉ።

ደቦው ሐሙስ ዕለት ተሰበሰበ። መንደሩ ጅብ ሲባል የሚወጣውን ያህል ለሌላ ነገር አይወጣም፤ ወንዱ ሁሉ መጥረቢያና ዶማውን ይዞ መጣ፣ ቄስ ገብረሰንበትም መስቀላቸውን ይዘው ሊባርኩ መጡ። አያ እጅጉ ማንም ሳይሾማቸው አለቃ ሆኑ። ጋቢያቸውን አውልቀው ሰንሰሉ ላይ ሰቀሉና "በሸለቆው በኩል እንጀምራለን! ጠላት የሚመጣው በዚያ ነው!" ብለው አዘዙ።

ሥራው እንደ ደቦ ሥራ ሞቅ ያለ ነበር። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ እንጨት ያቆማል፣ አንዱ ማገር ያጋድማል፣ አንዱ ደግሞ በልጥ ጠፍሮ ያስራል፤ አንዱ ሲያዜም ሌላው ይቀበላል። ያምሮት በሽክና ጠላ እያዞረች አጥሩን በዓይኗ ትለካለች። የሸለቆው በኩል ቆመ። ጥቅጥቅ ብሎ፣ በላዩ እሾህ ተጭኖበት፣ እጅ እንኳ የማያስገባ ሆኖ ቆመ። የላይኛው በኩልም ቆመ። የመንገዱ በኩልም ተጀመረ። አሁን ይጠመዘዛል ብላ ጠበቀች፤ የእግር መንገዷ ጋ ሲደርስ ይታጠፍና በሁለቱ ቤት መካከል ያልፋል። አጥሩ የእግር መንገዷ ጋ ደረሰ፣ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ወደ አያ እጅጉ ቤት ኋላ ሄደ።

ሽክናዋን ይዛ ሮጠች። "አያ፣ ያለፈ መሰለኝ…"

"ምኑ?"

"አጥሩ። ወደ እናንተ አለፈ።"

"ምነው ያምሮት!" አሉ አያ እጅጉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰው እንዲሰማላቸው። "ጅቡ አንቺን ሲያጣ እኔን ይብላኝ ነው የምትዪው?" ደቦው በሳቅ አውካካ። ያምሮትም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ በዝግታ፣ ያላትን የመጨረሻ ዘዴ ሞከረች።

"ግን አያ፣ እዚህ በመካከሉም ትንሽ ቢኖር አይሻልም? ጅቡ ያን ዘሎ ቢገባ እንኳ እዚህ ጋ እንዲደናገር…"

አያ እጅጉ ዶማቸውን ጣሉት። ዓይናቸው እርጥብ አለ። "በእኔና በዘሩ ቤት መካከል? አጥር? እኔ በሕይወት እያለሁ? አይደረግም!" ይህን ሲሉ ዓይናቸው ለአንድ አፍታ ከቤታቸው ኋላ ወደተከመረው ቀርከሃ ሄዶ ተመለሰ። ቀርከሃው ለጎተራ የተቆረጠ ነው ይባላል፤ ከተከመረ ግን ሁለት ዓመት አልፎታል። ያምሮት አየችው፣ ያኔ ምንም አልመሰላትም። ደቦው "እሰይ! እንዲህ ነው ጎረቤት!" እያለ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ሥራው ሲያልቅ ቄስ ገብረሰንበት መስቀላቸውን አነሱና "ሁለቱን ቤት በአንድ አጥር የሰበሰበ አምላክ ሰላማችሁንም ይጠብቅላችሁ" ብለው ባረኩ። ያምሮት ከሁሉ ጮክ ብላ "አሜን" አለች። ዕንባዋ መጣ። ሁሉም የደስታ ነው አሉ።

መልካሙ በበነጋው መጣ። ሞተር ሳይክሉ ላይ እንደተቀመጠ አጥሩን በመንገዱ በኩል አየና "እትዬ ያምሮት፣ ይህን የመሰለ አጥርማ አላየሁም!" ብሎ ችግኞቹን በሙሉ አወረደላት። በውስጥ በኩል ምን እንዳለ አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችውም። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ተከለቻቸው። እያንዳንዱን ስታቆም አፈሩን በእጇ ጠቅጠቅ እያደረገች "አይዞሽ" ትላለች፤ ለችግኙ ይሁን ለራሷ አይታወቅም።

አሁን ነገሩ ከአምናው ባሰ። አምና ቦራዋ ፍየል መሄጃ ነበራት፤ ሸለቆው ነበረላት፣ መንገዱ ነበረላት፣ የወንዳወቅ ጓሮም ነበረላት። ዘንድሮ ከበሩ በቀር መውጫ በሌለው አጥር ውስጥ ከያምሮት አቮካዶ ጋር ተቆለፈች። ለጥቂት ቀናት ያምሮት ከጓሮዋ ሳትርቅ ጠበቀች፣ ገበያም ቀረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ለበጎቿ ውኃ ልትሰጥ ዞር ብላ ስትመለስ ፍየሏ የመጀመሪያውን ችግኝ እስከ ግንዱ አውርዳ ሁለተኛው ላይ ቆማ ነበር።

ያምሮት ተናደደች። ከልቧ ተናደደች፤ በፍየሏ፣ በአያ እጅጉ፣ በደቦው፣ ከሁሉ በላይ ግን በገዛ አፏ። መቀነቷን ፈታች፣ የፍየሏ አንገት ላይ ሸብ አደረገች፣ ጎትታም ተነሣች። ፍየሏ አራት እግሯን መሬት ላይ ተክላ እንቢ አለች። ያምሮት ግን የዚያን ቀን በሬም ቢሆን ትጎትት ነበር። "ፍየልዎ ችግኜን በላችብኝ" እያለች ቃሉን ደጋግማ ታጠናለች። "ፍየልዎ ችግኜን በላችብኝ። ሽማግሌም ይቀመጥ። ያኮርፉኝም እንደሆነ ያኩርፉኝ። ፍየልዎ ችግኜን በላችብኝ።"

አያ እጅጉን ከደጃፋቸው አጣቻቸው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መውረድ ጀምረዋል። ዞራ ወደ በርበሬው መደብ ስትሄድ ጀርባቸውን አየች። ማስፈራሪያው ሥር ቆመው የዘሩን ካፖርት ቁልፍ እየፈቱ ነው። ቀስ ብለው፣ እጅጌውን በየተራ እያወጡ፣ የታመመ ሰው ልብስ የሚያወልቁ ያህል ተጠንቅቀው አወለቁት። አራገፉት፣ አጠፉት፣ ከጋቢያቸው ሥር ሸጎጡት።

እግራቸው ሥር መደቡ ላይ ደግሞ የያምሮት ቀይ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ አፈሩን ወደ ኋላ እየጫረች ነበር። ያምሮት ዶሮዋን ለየቻት፤ ልትሳሳት አትችልም፣ አንድ ጣቷ ቆራጣ ነው።

"በቃሽ እንግዲህ የኔ እመቤት" አሏት አያ እጅጉ ዶሮዋን። "ለነገም ይተርፍሽ።" ጎንበስ ብለው ታቀፏት። ዞር ሲሉ ከያምሮት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

ያምሮት መጀመሪያ የጠየቀችው ልትጠይቅ የመጣችውን አልነበረም።

"አያ፣ ካፖርቱን ምን ያደርጉታል?"

"ዝናብ መጣ እኮ።"

"ዝናብ በመጣ ቁጥር ያወልቁታል?"

አያ እጅጉ አፈሩ። "እና ላስመታው? ከዘሩ ጋር ስንት ዝናብ ተመትተናል። አሁን እንኳ ይረፍ ብዬ ነው።"

ለያምሮት፣ ዘሩ ከሞተ ወዲህ ከእሷ ሌላ ለእሱ የሚሳሳለት ሰው ያለ አልመሰላትም ነበር። ያጠናችው ቃል ግን አሁንም ምላሷ ላይ ነው፣ መቀነቷም እጇ ላይ፣ ፍየሏም መቀነቱ ጫፍ ላይ።

"ይሁን" አለች በመጨረሻ። "ያ ክንድዎ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?"

አያ እጅጉ ዶሮዋን አሁን ገና እንዳዩዋት ሁሉ ጎንበስ ብለው ተመለከቷት። ቀዩዋ ዶሮ አንገቷን አሾልካ ተመለከተቻቸው።

"ይህ?" አሉ። "ጅግራ ነው።"

"ጅግራ?"

"ጅግራ ነው። በስንት መከራ ያዝሁት።" ላባዋን በመዳፋቸው ሸፈን ለማድረግ ሞከሩ። "አንቺስ ያ የምትጎትቺው ምንድን ነው?"

ያምሮት ወደ ኋላዋ ዞረች። ቦራዋ ፍየል ቆማለች፤ ከጢሟ ላይ አንድ የአቮካዶ ቅጠል ተንጠልጥሏል። እውነቱ እስከ ከንፈሯ ደረሰ፣ እዚያ ቆመ።

"ጅብ ነው" አለች። "ያዝሁት።"

መጀመሪያ የሳቁት እማዋይሽ ናቸው። ከጓሮው በር ቆመው ሁሉንም አይተዋል፤ መቃኑን ይዘው እስኪንበረከኩ ድረስ ሳቁ። ከዚያ አያ እጅጉ ተከተሉ፣ ዶሮዋ ከክንዳቸው አምልጣ ስትበር እንኳ አላወቁም። ያምሮትም ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ ለቅሶው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ዝናቡም እውነተኛ ዝናብ ሆነና ሦስቱም፣ ፍየሏም ጭምር፣ ወደ ጎጆው ሮጡ።

"እኔንም እኮ ነው የሚዋሸኝ!" አሉ እማዋይሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። "የያምሮት ዶሮ ናት ስለው፣ ጅግራ ነው ብሎ ይገዘታል። ያን ቀርከሃ ለጎተራ መስሎሻል? ለአጥር ነው የቆረጠው! ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ተከምሮ ምስጥ ሊበላው።"

ያምሮት አያ እጅጉን አየቻቸው። "ታዲያ ምነው? ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ በመካከል ይኑር ስል…"

"ምን ልበል?" አሉ አያ እጅጉ። ድምፃቸው አሁን የቀልድ አልነበረም። "ዘሩ ሞተ፣ እኔ አጥር አጠርሁ። ሰው ምን ይለኛል? ባሏ እስኪሞት ጠብቆ አጠረባት አይለኝም? አንቺስ ብቻሽን ተቀምጠሽ ስታዪው ምን ትዪ ነበር?"

"እኔም እኮ ያው ነው የፈራሁት። ያረሰላትን ሰው አጠረችበት እንዳይሉኝ። ደግሞ አንቱ እንዳይከፋዎ።" አፏ አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ አላት። "አቮካዶውን የተከልሁት ለምን ይመስልዎታል? ጀርባዎን አይቼ ነው። ሰማይ ሰማይ ሲያዩ አይቼዎት ነው።"

አያ እጅጉ ደነገጡ። "አየሽኝ?"

"አየሁዎት።"

"እኔ ደግሞ" አሉ ቀስ ብለው፣ "መሬትሽን በዛፍ ስትሞዪ፣ እርሻዬ ሰለቻት ብዬ ከፍቶኝ ነበር። ለእማዋይሽም አልነገርሁ።"

"እኔማ አውቄ ነበር" አሉ እማዋይሽ።

ያምሮት በዚያች ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ የጠፋውን ሁሉ አሰበች። እሳቸው በርበሬያቸውን ለጅግራ፣ እሷ የእርጅናዋን ተስፋ ለጅብ ሲገብሩ ኖረዋል፤ እርስ በርስ ላለመቀያየም ብለው። ከሁሉም ያሳዘናት አያ እጅጉ "ከፍቶኝ ነበር" ማለታቸው ነው። ለካ አጥር ሳይኖርም ተራርቀው ነበር የተቀመጡት። ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች፣ እሳቸውም "ተይ፣ ተይ" እያሉ ጭንቅላቷን ሳሙ።

የመካከሉን አጥር ያቆሙት ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቀን ሦስቱ ብቻ ሆነው ነው። ደቦ አልተጠራም፤ ጠላም አልተጠመቀም። ቀርከሃው ሁለት ዓመት ቢጠብቅም ደህና ነበር። ፍየል እንዳይዘለው ከፍ፣ ጫጩት እንዳትሾልክበት ደግሞ ከሥሩ ጠበቅ አድርገው ሠሩት። እግር መንገዷ ጋ ሲደርሱ አያ እጅጉ ከእንጨት መዝጊያ አበጁለት። መቀርቀሪያው ከማን በኩል ይሁን ሲባል "ከአንቺ በኩል"፣ "የለም ከአንቱ በኩል" ተባብለው መግደርደር ጀመሩ። እማዋይሽ "አሁንም ልትጀምሩ ነው?" ብለው ሲቆጡ ከሁለቱም በኩል ተሠራ።

ከዚያ ሐምሌ ገባ፤ ችግኞቹ አዲስ ቅጠል አወጡ፣ በርበሬውም ከመደቡ ተነቅሎ ማሳ ወረደ። አንድ ጠዋት ግን አያ እጅጉ በመዝጊያው አልፈው ያምሮትን ሰላም ብለው ሲመለሱ መቀርቀሪያውን ረሱት። ያምሮት ከቤቷ ብቅ ስትል ቦራዋ ፍየል በመዝጊያው በኩል፣ በዚያ በትልቅ ሰው አካሄዷ፣ ወደ አቮካዶው እየገባች ነበር።

ያምሮት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። አየር ሳበች።

"አያ እጅጉ! ፍየልዎ! ፍየልዎ ችግኜን ልትበላብኝ ነው!"

ድምፅዋ ሸለቆውን ተሻግሮ ተመለሰ። እንዲህ ደስ ይላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ከአጥሩ ማዶ የአያ እጅጉ ድምፅ እሱንም በልጦ መጣ።

"መጣሁ! አንቺም ዶሮሽን ከጎመኔ ላይ አንሺልኝ!"

መንደሩ ይህን ሰማ። ከእነዚያ ከሁለቱ ቤቶች እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ወንዳወቅ እርሻውን ጥሎ ሮጠ፣ ሁለት ሽማግሌዎችን መንገድ ላይ ይዞ፤ ቄስ ገብረሰንበትም "ምን ተገኘ? ሁለቱ ሊጣሉ!" እያሉ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ከኋላ ደረሱ። በበሩ ሲገቡ ያምሮት ፍየሏን በጆሮዋ ይዛ፣ አያ እጅጉም ቀዩዋን ዶሮ ታቅፈው፣ መዝጊያው ላይ ቆመው ምርኮ ሲለዋወጡና ሲስቁ አገኟቸው።

"ማን ነው ያጠፋው?" አለ ወንዳወቅ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "ደግሞ ይህ አጥር መቼ በቀለ? ከጅቡ ወዲህ መሆኑ ነው?"

"ጅቡማ ይኸውና" አለች ያምሮት፤ ፍየሏን በመዝጊያው አሳልፋ ቀረቀረችባት። ሽማግሌዎቹ የፍየሏን ፊት አዩ፣ የያምሮትን ፊት አዩ፣ ቀስ በቀስም ገባቸው። ያን ሁሉ እሾህ የተሸከመው ወንዳወቅ መዳፉን ዘርግቶ የድሮ ጭረቶቹን እየቆጠረ ተሳደበ፣ ቄስ ገብረሰንበት ግን በሳቅ ብዛት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እማዋይሽ ለሁሉም ቆሎ አቀረቡላቸው፣ ለመታረቂያ ሳይሆን ስለ ሩጫቸው።

በማግስቱ ማለዳ ከአጥሩ ማዶ "ያምሮት! ዶሮሽ!" የሚል ድምፅ እንደገና መንደሩን አናወጠው። ሮጦ የመጣ ግን አልነበረም።